ቁጣው በድግሱ ነው ወይስ በቀብሩ?

በዚህ ወር ለአንባቢያን ጥያቄ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱ ከተለያየ ቦታ የተላኩ ቢሆኑም የሚያነሡት ጉዳይ አንድ ነው። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ የብሪታንያ መንግሥት ያደረገውና ሳያደርግ የቀረው በሕዝቡ ላይ ስላሳደረው ቅሬታ ይጠይቃሉ። ስለዚህ በአንድነት መልስ ሰጥተንባቸዋል። ጸሐፊዎቹ እንደጠየቁን ስማቸውን አላተምንም። የአውሮፓ አገሮችን በሚመለከተው ክፍል የተጠቀምንበት የዘመን አቆጣጠር የአውሮፓውያን ሲሆን፣ ስለ አገራችን በተናገርንበት ክፍል የራሳችን ነው።

ጥያቄ። ጤና ይስጥልኝ። በሐዋሳ ከተማ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ስለ ሕግ የበላይነት ሳስተምር የቀድሞውን የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የቦሪስ ጆንሰንን ነገር በምሳሌነት ባነሣ፣ አንድ ተማሪ «መምህር፣ ሰው ለአንድ ቁራጭ ኬክ ከሥልጣን ይወርዳል?» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ሞላው። እውነቱን ለመናገር እኔም በቂ መልስ አልነበረኝም። የእንግሊዞች ቁጣ የእውነት ነበር ወይስ የፓርቲዎች ሽኩቻ የወለደው?

መልስ። የተከበሩ መምህር፣ ነገሩን ከመጨረሻው ለሚያየው ሰው የተማሪዎ ሳቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ቁጣው የጀመረው በእገዳው ጊዜ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ስለተደረጉት ድግሶችና ስለ ኬኩ ከመሰማቱ ከብዙ ጊዜ በፊት ስለሆነ፣ ከመነሻው ብንጀምር ይሻላል።

በብሪታንያ የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች የተገኙት በጃንዋሪ 2020 መጨረሻ ነበር። የአገሪቱ ከፍተኛ ባለሥልጣናት ለአጣዳፊ ጉዳይ የሚሰበሰቡበት ጉባኤ ስለ ቫይረሱ ሲመክር ጠቅላይ ሚኒስትሩ በመጀመሪያዎቹ አምስት ስብሰባዎች አልተገኙም። ማርች 3 ቀን ለጋዜጠኞች ሲናገሩ፣ ሐኪም ቤት ጎብኝተው ያገኙትን ሰው ሁሉ እንደ ጨበጡ በኩራት ገለጹ። ጣሊያን አገሩን በሙሉ ዘግታ ሳለ፣ ከማርች 10 እስከ 13 ድረስ በቼልተንሃም የፈረስ ውድድር ወደ ሩብ ሚሊዮን የሚጠጋ ተመልካች ገባ። በዚያው ሳምንት በሊቨርፑል በተደረገ የእግር ኳስ ግጥሚያ፣ በአገራቸው ስታዲየም መግባት የተከለከሉ ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጉ የአትሌቲኮ ማድሪድ ደጋፊዎች ተገኙ። ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ የታዘዘው ማርች 23 ቀን ነው። በቀድሞዋ ዳኛ በሄዘር ሃሌት የሚመራው፣ የወረርሽኙን አያያዝ የሚመረምረው የሕዝብ ምርመራ በኖቬምበር 2025 ባወጣው ሪፖርት፣ ትእዛዙ በአንድ ሳምንት ቀድሞ ቢሰጥ ኖሮ በመጀመሪያው ማዕበል በእንግሊዝ ብቻ ወደ 23,000 የሚጠጋ ሰው ከሞት ይተርፍ እንደነበር አመልክቷል። ይህ በስሌት የተገኘ ግምት ስለሆነ የሚከራከሩበት አሉ፤ ሪፖርቱ የመንግሥትን አካሄድ «እጅግ ያነሰና እጅግ የዘገየ» ብሎ መፍረዱ ግን ብዙ ሰው ሲናገረው የቆየውን ያጸና ነበር።

ከትእዛዙ በኋላ ያልተጠበቀ ነገር ሆነ። ሕዝቡ ታዘዘ። ለእኛ አገር አንባቢ የዚህን መታዘዝ ክብደት ለመግለጽ ከልቅሶ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። እናቱ በሐኪም ቤት የምታጣጥር ሰው እጇን እንዳይዝ ተከልክሎ፣ አስታማሚዋ ነርስ በምትይዝለት ስልክ ተሰናበታት። በቀብር ላይ የሚቆመው ሰው በቁጥር ተወሰነ፤ የቆሙትም ተራርቀው ቆሙ፣ አልተቃቀፉም። በለንደን የሚኖሩ ወገኖቻችንም ዘመድ ሲሞትባቸው ድንኳን የለ፣ ሠልስት የለ፣ እዝን ይዞ የሚመጣ ጎረቤት የለ፣ በስልክ መስኮት እየተያዩ አለቀሱ። ሰው ይህን ሁሉ የተሸከመው ፖሊስን ፈርቶ ብቻ አልነበረም። የእኔ መቅረት የሌላውን እናት ያድናል፣ ሌላውም ለእኔ እንዲሁ ያደርጋል የሚል ያልተጻፈ ውል ነበር።

ውሉ መጀመሪያ የተሰነጠቀው የጠቅላይ ሚኒስትሩ ዋና አማካሪ ዶሚኒክ ከሚንግስ እገዳው በጸናበት ጊዜ ከለንደን ተነሥተው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደሚገኘው የወላጆቻቸው ይዞታ ከቤተሰባቸው ጋር መጓዛቸው በታወቀ ጊዜ ነው። በዚያው ሰሞን ባርናርድ ካስል ወደምትባል ከተማ መኪና ነድተው የሄዱበትን ምክንያት ሲጠየቁ፣ ዐይናቸው ለረጅም መንገድ የሚያበቃ መሆኑን ለመፈተን እንደ ነበር ሜይ 25 ቀን ጋዜጠኞችን ሰብስበው አስረዱ። (ዐይኑን የተጠራጠረ ሰው ሚስቱንና ልጁን አሳፍሮ መንዳቱ ከሕግ ጥያቄ በፊት የማስተዋል ጥያቄ ያስነሣል።) ጠቅላይ ሚኒስትሩ አማካሪያቸውን አልቀጡም፤ ይልቁንም ማንኛውም አባት የሚያደርገውን አደረገ ብለው ተከላከሉላቸው። በዚያ ሳምንት እናቱን ሳይሰናበት የቀበረው አባት ይህን ሲሰማ ምን እንደ ተሰማው መገመት አይከብድም።

ድግሶቹ የተሰሙት ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ከ2021 ኖቬምበር መጨረሻ ጀምሮ ነው። ከሌላ ቤተሰብ ጋር በውጭ መገናኘት ለአንድ ሰው ብቻ በተፈቀደበት በሜይ 2020 ወደ መቶ ለሚጠጉ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች መጠጣችሁን ይዛችሁ ወደ አትክልቱ ስፍራ ኑ የሚል ግብዣ ተልኮ ነበር። ተማሪዎ በኬኩ የሳቁበት የጆንሰን የልደት ዝግጅት ጁን 19 ቀን 2020 የተደረገው ነው። ጆንሰን፣ ባለቤታቸውና የዚያን ጊዜው የገንዘብ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ በዚህ እያንዳንዳቸው 50 ፓውንድ ተቀጥተዋል። በሥልጣን ላይ ሳለ ሕግ በመጣስ የተቀጣ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ከጆንሰን በፊት አልነበረም። ፖሊስ ምርመራውን ሲጨርስ ለ83 ሰዎች በጠቅላላው 126 የቅጣት ወረቀት ሰጥቶ ነበር። ከሁሉ ይልቅ በሕዝቡ ልብ ውስጥ የቀረው ግን የኤፕሪል 2021 ታሪክ ይመስለኛል። በ16ኛው ቀን ምሽት በዚያው ጽሕፈት ቤት ሁለት የስንብት ድግስ ተደርጎ ሲጠጣና ሲጨፈር አመሸ። በማግሥቱ ንግሥት ኤልዛቤጥ የሰባ ሦስት ዓመት ባለቤታቸውን ልዑል ፊሊፕን ሲቀብሩ፣ እንደ ማንኛውም ዜጋ በሠላሳ ቀባሪ ተወስነው፣ ጥቁር ጭምብል አጥልቀው፣ በጸሎት ቤቱ ወንበር ላይ ለብቻቸው ተቀምጠው ታዩ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት በኋላ ቤተ መንግሥቱን ይቅርታ ጠይቋል።

አባቶቻችን «ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለ ዕዳ አይቀበለውም» ይሉ ነበር። ሕጉን ያወጡት ሰዎች በራሳቸው ቤት ካቀለሉት፣ ሕጉን የጠበቀው ሰው ሳይሰናበት በቀበረው ወገኑ የተሳለቁበት ሆኖ ይሰማዋል። ጥፋቱ ሲገለጥ ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መጀመሪያ ለፓርላማው መመሪያው ሁሉ ተጠብቋል አሉ። የፓርላማው የመብትና የሥነ ምግባር ጉዳይ መርማሪ ኮሚቴ በጁን 2023 ምክር ቤቱን አውቀው አሳስተዋል ብሎ ሲወስን፣ የምክር ቤቱ አባላት ውሳኔውን በ354 ለ7 ድምፅ ተቀበሉት።

ለተማሪዎ መልስ ሲሰጡ ግን አንድ ጥንቃቄ ያድርጉ። በጁላይ 2022 ጆንሰንን በቀጥታ ያስወረዳቸው ድግሱ አልነበረም፤ በነውር የተከሰሰ ሰውን ለኃላፊነት ሲሾሙ ክሱን ያውቁ ኖሯል ወይስ አላወቁም በሚለው ጥያቄ ላይ ጽሕፈት ቤታቸው መልሱን ደጋግሞ በመለዋወጡ ሚኒስትሮቻቸው በየተራ ለቀቁ። የፓርቲዎች ሽኩቻም ነበረበት። ነገር ግን ከድግሱ በፊት ቢሆን ኖሮ ቃላቸውን የሚያምን ሰው ያገኙ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ግን አላገኙም።

ስለ ገንዘቡ ባጭሩ ልጨምር። የጤና ሚኒስቴሩ በመጀመሪያው ዓመት ለመከላከያ አልባሳትና ቁሳቁስ ካወጣው 12.1 ቢሊዮን ፓውንድ ውስጥ 8.7 ቢሊዮኑን በኪሳራ መዝግቧል። በባለሥልጣናት ጥቆማ ለሚመጡ አቅራቢዎች የተከፈተው ልዩ መስመር ሕጋዊ እንዳልነበረ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2022 ወስኗል። ሕዝቡ ሐሙስ ሐሙስ በየደጁ ቆሞ ላጨበጨበላቸው ነርሶች በማርች 2021 መንግሥት ያቀረበው የደመወዝ ጭማሪ ግን አንድ በመቶ ነበር። ለፍርድ ሚዛን እንዲሆን ደግሞ፣ ክትባቱን በዲሴምበር 2020 ከምዕራባውያን ሁሉ ቀድማ መስጠት የጀመረችው ብሪታንያ መሆኗንና ለዚህም ያው መንግሥት ከሕዝቡ ብዙ ምስጋና ማግኘቱን መካድ አይገባም።

ጥያቄ። ከዱባይ ነው የምጽፍላችሁ። በሌላ አገር መሪዎችም እንዲሁ ሕግ ጥሰው ተቀጥተው የለም እንዴ? ጆንሰን ላይ ብቻ ለምን ይበረታል?

መልስ። ተቀጥተዋል። የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤርና ሶልበርግ ስድሳኛ ዓመት ልደታቸውን ከቤተሰባቸው ጋር ሲያከብሩ የተሰበሰበው ሰው ከተፈቀደው ከአሥር በመብለጡ፣ በኤፕሪል 2021 የአገራቸው ፖሊስ 20,000 ክሮነር ቀጥቷቸዋል። ነገሩ እንደ ተሰማ ሴትዮዋ ጥፋቱን አምነው ይቅርታ ጠየቁ፤ ቅጣቱንም ከፈሉ። በዚያው ዓመት የተደረገውን ምርጫ ተሸንፈዋል፤ ይሁንና የልደቱ ጉዳይ እንደ ለንደኑ ለዓመታት የሚጎተት የፓርላማ ምርመራ አልሆነም። እዚህ ላይ ያለው ልዩነት ከኬኩ መጠን ሳይሆን ጥፋቱ በታወቀ ማግሥት ከተሰጠው መልስ የመጣ ይመስለኛል።

ጥያቄ። አዲስ አበባ ነዋሪ ነኝ። የፈረንጅን ጥፋት ስትዘረዝሩ እኛም በዚያ ጊዜ የተማረርነውን ለምን አታነሡም? እኛስ ምርመራ አይገባንም ነበር?

መልስ። ተገቢ ወቀሳ ነው። የእኛ ምሬት ግን መልኩ ሌላ ነበር። በአገራችን ሰው ከቤቱ ፈጽሞ እንዳይወጣ አልታዘዘም፤ የዕለት ጉርሱን በዕለቱ ለሚያገኝ ሕዝብ እንዲህ ያለ ትእዛዝ እንደማይሠራ መንግሥት ገና ከጅምሩ ተናግሮ ነበር፤ በእኔ አስተያየት በዚህ ትክክል ነበር። መጋቢት 30 ቀን 2012 ለአምስት ወር የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አራትና ከዚያ በላይ ሆኖ መሰብሰብን ከለከለ፤ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ አሠሪም ሠራተኛውን እንዳይቀንስ አዘዘ። ሰውን ያማረረው ከወረቀቱ ይልቅ ኑሮው ነበር። ታክሲ ግማሽ ሰው ይጫን ሲባል ታሪፉ እጥፍ ሆነና፣ የርቀቱን ዋጋ የከፈለው ረዳቱም ባለመኪናውም ሳይሆን ተሳፋሪው ሆነ። ውኃ በሳምንት አንድና ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር «እጃችሁን ደጋግማችሁ ታጠቡ» የሚለው ማስታወቂያ በስልክ ጥሪው ሁሉ ላይ ይሰማ እንደ ነበር እርስዎም ያስታውሳሉ። ከዚያ በፊትም አየር መንገዱ ወደ ቻይና የሚያደርገውን በረራ አለማቋረጡ ብዙ ቁጣ አስነሥቶ ነበር፤ መጋቢት 4 ቀን የተገኘው የመጀመሪያው ታማሚ ግን ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ሆኖ ተገኘ።

ትልቁ ክርክር በምርጫው ላይ ነበር። ነሐሴ 2012 ሊደረግ የታሰበው ምርጫ በወረርሽኙ ምክንያት ተራዘመ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ሰኔ 3 ቀን በሕገ መንግሥት ትርጉም የመንግሥትን የሥልጣን ዘመን አስረዘመ። ተቃዋሚዎች በሽታው ሰበብ ሆነ አሉ፤ ትግራይ የራሷን ምርጫ ጳጉሜን 4 ቀን አካሄደች፤ ከሁለት ወር በኋላም ጦርነቱ ጀመረ። ምርጫው በመጨረሻ ሰኔ 14 ቀን 2013 ሲደረግ፣ ጭምብል ያላደረገ ሰው እንደሚቀጣ የሚደነግገው መመሪያ ሳይሻር ስታዲየም የሞላ የምረጡኝ ቅስቀሳ ይደረግ ነበር። ይህን ያየ ሰው ጭምብሉን ከአገጩ በታች ቢያወርድ እምብዛም አልፈርድበትም።

ስለ ምርመራው የጠየቁኝን በተመለከተ፣ የብሪታንያውም ቢሆን በመንግሥት በጎ ፈቃድ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ወገኖቻቸውን ያጡ ቤተሰቦች ተደራጅተው ከአንድ ዓመት በላይ ከወተወቱ በኋላ የተገኘ ነው። በእኛ ዘንድ በይፋ የተመዘገበው የኮቪድ ሟች ከሰባት ሺህ አምስት መቶ ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፣ የእነዚህ ሰዎች ቤተሰቦች «ለምን?» ብለው ሳይጠይቁ ጦርነቱ ከዚህ ብዙ የሚበልጥ ሐዘን አመጣና የበሽታውን ነገር ከልብም ከመነጋገሪያም አወጣው።

ጥያቄ። ለንደን ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ለአሥራ አንድ ዓመት የሠራሁ ኢትዮጵያዊት ነኝ። በኤፕሪል 2020 መጀመሪያ ከሐኪም ቤት ሁለት አረጋውያን ወደ እኛ ተላኩ። ምርመራ ተደርጎላቸው እንደሆነ ብጠይቅ፣ ምልክት የሌለበት ሰው አይመረመርም ተባልሁ። ጭምብል ለሦስት ቀን አንድ ነበር የሚሰጠን። ከዚያ በኋላ በነበረው ሦስት ሳምንት በእኛ ፎቅ ስድስት ሰው ሞተ። አንዷ እናት ስሜን መጥራት ስለሚከብዳቸው «የእኔ አበባ» ይሉኝ ነበር፤ ሲያርፉ ከእኔ በቀር አጠገባቸው ሰው አልነበረም። በሽታውን ከክፍል ወደ ክፍል ያዞርሁት እኔ እሆን እያልሁ እስከ ዛሬ እንቅልፍ አጣለሁ። እነዚያን ሰዎች ሳይመረመሩ መላክ ሕጋዊ ነበር? ያየሁትንስ የሚሰማኝ አለ?

መልስ። እኅታችን፣ በመጀመሪያ ሕጉን ልመልስልዎ። አባቶቻቸውን በመንከባከቢያ ቤት ያጡ ሁለት ሴቶች መንግሥትን ከሰው፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ኤፕሪል 27 ቀን 2022 ፈርዶላቸዋል። ፍርዱ እንዳለው፣ ምልክት የማይታይበት ሰው በሽታውን ሊያስተላልፍ እንደሚችል እየተነገረ፣ መንግሥት በማርችና በኤፕሪል መጀመሪያ 2020 ባወጣው መመሪያ ይህ ለአረጋውያኑ የሚያመጣውን አደጋ ከግምት ሳያስገባ መቅረቱ ሕገ ወጥ ነበር፤ ከሐኪም ቤት የሚመጡት በተቻለ መጠን ለአሥራ አራት ቀን ተለይተው እንዲቆዩ መመከር ነበረበት። ከማርች 17 እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ ከሐኪም ቤት ወደ መንከባከቢያ የተላኩት ሰዎች ወደ 25,000 ይደርሳሉ። ሁሉም ከመላካቸው በፊት እንዲመረመሩ የታዘዘው በዚያው በኤፕሪል 15 ነው፤ የእርስዎ ሁለቱ ሰዎች በዚያ ወር መጀመሪያ ነው የመጡት።

እንግዲህ እርስዎ በጠየቁበት ቀን ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቀዋል። የአገሪቱ ፍርድ ቤት መንግሥትን የጠየቀው ያንኑ ጥያቄ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ቫይረሱ ወደ ፎቁ በማን እጅ እንደ ገባ ዛሬ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ውሳኔው በማን እጅ እንደ ነበረ ግን በፍርድ ተጽፏል። በእርስዎ እጅ አልነበረም። እንቅልፍ ማጣቱን በተመለከተ ግን እኛ በደብዳቤ የምንመልሰው ስላልሆነ የሠፈርዎን ሐኪም ያማክሩ፤ በዚያ ዘመን በዚያ ሥራ የነበሩ ብዙዎች የሚያነሡት ሕመም ነውና አይፈሩ።

ያዩትን የሚሰማ አለ ወይ ላሉት፣ የሕዝብ ምርመራው ከማንኛውም ሰው ታሪክ ይቀበልበት የነበረው መንገድ በሜይ 2025 ተዘግቷል። ስለ መንከባከቢያ ቤቶች የተለየው የምርመራ ክፍል ምስክሮችን የሰማው በዚያው ዓመት ከጁን መጨረሻ እስከ ጁላይ መጨረሻ ነው፤ በዚያ የተነገረው ሁሉ በግልጽ የታተመ ስለሆነ ማንበብ ቢፈልጉ ይገኛል፤ የእርስዎን የመሰለ ብዙ ቃል ያገኙበታል።

ከዚህ ሌላ ልንጠቁምዎ የምንችለው አንድ ቦታ ነው። በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ከፓርላማው ፊት ለፊት ባለው ረጅም ግንብ ላይ፣ ወገኖቻቸውን ያጡ ሰዎች በማርች 2021 ለእያንዳንዱ ሟች አንድ ቀይ ልብ መሳል ጀምረው በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 150,000 አድርሰዋል። ማንም ሰው በአንዱ ልብ ውስጥ የሚያስታውሰውን ስም መጻፍ ይችላል፤ ዘመድ መሆን አያስፈልግም። ዝናብና ፀሐይ ቀለሙን ስለሚያደበዝዘው አርብ አርብ በጎ ፈቃደኞች መጥተው ያድሱታል። ከግንቡ ጀርባ ያለው ሕንጻ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በኤፕሪል 2020፣ እርስዎ ያን ፎቅ በሚያስታምሙበት ሳምንት፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝተው የዳኑበት ሐኪም ቤት ነው። የእናታችንን ስም ለመጻፍ ከሄዱ የማይጠፋ ቀለም ያለው እስክርቢቶ ይያዙ።